በጀት የሚወሰነው በድምፅ ነው ወይስ በሰዓት?

ክሩን (በኢንተርኔት ላይ ያለውን ውይይት) የከፈተው ሰው ተናዶ ነው የጻፈው። የአገር በጀት የሚጸድቅበትን የምክር ቤት ስብሰባ በቀጥታ ስርጭት ሲያይ ውሏል። ተናጋሪዎቹ ሦስት ሦስት ደቂቃ እየተሰጣቸው ሐሳባቸውን ሳይጨርሱ ማይክሮፎኑ ይዘጋባቸዋል። የየት አገር ምክር ቤት እንደሆነ አልነገረንም፤ የጠየቀውም የለም።

አቋሙ ግልጽ ነው። በአንድ ዓመት የሕዝብ ገንዘብ ላይ የሰዓት ገደብ መጣል ነውር ነው ይላል። የፈለገ እንደራሴ የፈለገውን ያህል ይናገር። ያልጣመውን መስመር ይቀንስ፣ ያስፈልጋል ያለውን ይጨምር። ድምፅ የሚሰጠው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን የሚከለክል ደንብ ያወጣ ምክር ቤት ገና እጅ ሳያወጣ ሥልጣኑን አስረክቧል ባይ ነው። 35 ምላሽ መጣለት። ስድቡንና ድግግሞሹን ትቼ የሚረባውን ላካፍላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ምላሽ 1። ምስጋና ብቻ ነው። እንዲህ በምስጋና የሚጀምር ክር በኋላ ላይ እንደሚጦፍ ደግሞ የታወቀ ነው።

ምላሽ 2። ትሁት ሰው ነው፤ ክሩን የከፈተውን በአንቱታ ነው የሚያናግረው። ሁለት ነገር ተደባልቋል አለ፤ የሰዓት ገደብ ሌላ፣ የማሻሻያ ገደብ ሌላ። የመጀመሪያውን በሒሳብ አሳየ። 400 አባላት ያሉት ምክር ቤት እያንዳንዱ 10 ደቂቃ ቢናገር 4,000 ደቂቃ ነው። ወደ 67 ሰዓት ማለት ነው። በቀን 8 ሰዓት ቢቀመጡ ከስምንት የሥራ ቀን ያልፋል። ይህም ሚኒስትሩ ምንም መልስ ሳይሰጡ፣ አንድም ማሻሻያ ሳይቀርብ ነው። ገደብ ከሌለ ደግሞ በጀቱን የጠላ አናሳ ወገን ድምፅ ማሰባሰብ አያስፈልገውም። መናገር ብቻ ይበቃዋል።

ምላሽ 3። ወደ አሜሪካ ወሰደን። በተወካዮች ምክር ቤቱ በጀቱ ወደ አዳራሽ ከመግባቱ በፊት የደንብ ኮሚቴ በሚባለው በኩል ያልፋል። 13 አባላት አሉት፤ 9ኙ ከአብላጫው ፓርቲ፣ 4ቱ ከአናሳው። ኮሚቴው ቁጥሮቹን አይነካም። የሚጽፈው ክርክሩ እንዴት እንደሚካሄድ ነው፦ ስንት ሰዓት፣ ሰዓቱን ማን ያከፋፍላል፣ የትኞቹ ማሻሻያዎች ይቀርባሉ፣ በምን ቅደም ተከተል። ምክር ቤቱ መጀመሪያ በዚህ ደንብ ላይ አንድ ሰዓት ተከራክሮ ድምፅ ይሰጣል። ወደ በጀቱ የሚገባው ከዚያ ወዲህ ነው። ለዓመታዊው የበጀት ውሳኔ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቀደው ሙሉ አማራጭ በጀት ብቻ ነው። አንዷን መስመር ነቅሎ ሌላ መትከል የለም። መከራከር የፈለገ ወገን የራሱን በጀት ከገቢው እስከ ጉድለቱ ሠርቶ ይምጣ ነው ነገሩ።

ይቺን ወድጃታለሁ። መንገድ ይሠራ ማለት ቀላል ነው። ገንዘቡ ከየት ተቀንሶ እንደሚመጣ በቁጥር መጻፍ ግን ያልባል።

ምላሽ 4። የ3ኛውን ተከትሎ ስለ ቅደም ተከተሉ ጻፈ፤ ብዙ ሰው ያልገባው እዚህ ጋ ነው። ሦስት አማራጭ በጀቶች ተራ በተራ ቀረቡ እንበል። የመጀመሪያው 220 ድጋፍ አገኘ፣ ሁለተኛው 228፣ ሦስተኛው 217። ሦስቱም አልፈዋል። የትኛው ነው በጀቱ? ደንቡ እንደጻፈው ነው። ምክር ቤቱ በአንድ ዘመን የተጠቀመበት ደንብ መጨረሻ ላይ ያለፈውን ያነግሣል፤ ሦስተኛው አሸነፈ ማለት ነው። በ2015 የሠራበት ሌላው ደንብ ደግሞ ብዙ ድምፅ ያገኘውን ያነግሣል፤ ሁለተኛው አሸነፈ። ያው ሰዎች፣ ያው ድምፅ፣ ሁለት የተለያየ በጀት።

ምላሽ 5። ማጭበርበር ነው ብሎ ጮኸ። በአንድ መስመር።

ምላሽ 6። ሴኔቱን አመጣ። እዚያ በጀት ነክ ነገር ሲሆን የክርክሩ ሰዓት በሕግ የተቆረጠ ነው። የ1974ቱ የበጀት ሕግ 50 ሰዓት ብሎ ወስኖታል። ሰዓቱ ሲያልቅ ንግግር ይቆማል፤ ማሻሻያ ማቅረብ ግን አይቆምም። ስለዚህ ሴናተሮቹ ሌሊቱን ሙሉ ማሻሻያ ላይ ማሻሻያ እየጣሉ ድምፅ ሲሰጡ ያድራሉ። ክርክር የለ፣ ማብራሪያ የለ፤ አዎ ወይም አይደለም ብቻ።

ከዚያ የ2021ን ታሪክ ተረከ። የኮሮና ድጎማው ረቂቅ ሲቀርብ ረቂቁን የሚቃወሙት ሴናተር ሮን ጆንሰን ሙሉው ይነበብልኝ አሉ። መብታቸው ነው። ረቂቁ 628 ገጽ ነው። ጸሐፊዎቹ እየተፈራረቁ ወደ 11 ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ አነበቡት። ንባቡ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ ላይ ሲያልቅ ጆንሰን ከአዳራሹ ወጥተው ነበር። ይህን ያዩት የረቂቁ ደጋፊ ሴናተር ክሪስ ቫን ሆለን ብድግ ብለው፣ ተቃዋሚ ከሌለ የክርክሩ ሰዓት ወደ 3 ዝቅ ይበል አሉ። ተቃዋሚ አልነበረም። አዳራሹ ውስጥ ከማዶው ወገን ማንም የለማ! አለፈ። ሰዓት ለመግደል የገቡት ሰውዬ የራሳቸውን ወገን የመከራከሪያ ሰዓት ገደሉት።

ምላሽ 7። ይኼኛው ሰው ቁጥር ላይ አይለቅም። 6ኛው 50 ሰዓት ያለው ለበጀት ውሳኔው ነው፤ የ2021ዱ ረቂቅ ግን የማስታረቂያ ረቂቅ የሚሉት፣ ማለትም ሕጎችን ከበጀት ውሳኔው ጋር የሚያስማማ ስለሆነ ገደቡ 20 ሰዓት ነው ብሎ አረመው። ልክ ነው። 3 ሰዓት የሆነው ከ20 ተቀንሶ ነው።

ከ8 እስከ 10 ያሉት ከርዕሱ ወጡ። አንዱ 628 ገጽ ማን አንብቦ ያውቃል አለ። ሌላው ዳኛ ነው የሚያነበው ብሎ ቀለደ። 10ኛዋ ግን የነገረችው ገጠመኝ ደስ ይላል። የአንድ ማኅበር ገንዘብ ያዥ ሆና ሠርታለች። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ዓመታዊ በጀቱን ሁሌም ከምሳ በፊት ባለው የመጨረሻ አጀንዳ ላይ ነበር የሚያስገቡት። ጠዋት በአርማው ቀለም ሁለት ሰዓት ይጨቃጨቃሉ። በጀቱ ላይ ሲደርሱ ሁሉም በር በሩን ያያል። በሦስት ደቂቃ ይጸድቃል። እሷ እንደምትለው ደንብ ማለት የተጻፈው ብቻ አይደለም፤ አጀንዳውን በቅደም ተከተል የሚያስቀምጠውም ሰው ደንብ አውጪ ነው። ከ4ኛው ምላሽ ጋር አገናኘችው፤ የአሜሪካው ኮሚቴና የእሷ ሊቀ መንበር የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው አለች።

ምላሽ 11። ስለ ማሻሻያው ጻፈ፤ የ2ኛውን ሁለተኛ ነጥብ ያነሣው እሱ ብቻ ነው። በእንግሊዝ ምክር ቤት ከ1713 ጀምሮ የጸና ደንብ አለ። ወጪ ይጨመር ብሎ ማቅረብ የሚችለው መንግሥት ብቻ ነው። ተራ አባል መቀነስ እንጂ መጨመር አይችልም። ምክንያቱ ቀላል ነው። እያንዳንዱ አባል ለመረጠው አካባቢ አንዳንድ ነገር ቢያስጨምር ድምሩን የሚከፍለው ማን ነው? ደቡብ ኮሪያም በሕገ መንግሥቷ ተመሳሳይ ክልከላ አለባት፤ መንግሥት ካልተስማማ ምክር ቤቱ መጨመር አይችልም። በታኅሣሥ 2024 ተቃዋሚዎቹ አብላጫውን ይዘው ስለነበር ቅነሳ ብቻ ያለበት በጀት አጸደቁ።

በመቀነሱስ ምን ያህል ተጠቅመውበታል ላለ ሰው፣ ያው 11ኛው አስቂኝ ነገር ነገረን። የእንግሊዝ ምክር ቤት የወጪ ጥያቄን ለመጨረሻ ጊዜ ውድቅ ያደረገው በ1919 ነው። ለአገሪቱ የፍትሕ ሹም ለሎርድ ቻንስለሩ ሁለተኛ መታጠቢያ ቤት እንዲሠራ የተጠየቀ ገንዘብ ነበር። አንዱ ይበቃቸዋል ተባለ። ጦርነት የጠየቀው ገንዘብ ሁሉ አልፎ መታጠቢያ ቤት ላይ ተጣሉ።

12ና 13 ከዚህ በኋላ የእንግሊዝን ወግ ሲያወሩ ቆዩ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ግላድስቶን በ1853 የበጀት ንግግር ሲያደርጉ 4 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ቆመዋል። ሌላው የገንዘብ ሚኒስትር ዲዝራኤሊ በ1867 በ45 ደቂቃ ጨርሰዋል። የገንዘብ ሚኒስትሩ በበጀት ንግግር ቀን ብቻ አዳራሹ ውስጥ መጠጥ እየቀመሱ መናገር ይፈቀድላቸዋል። 14 ላይ አወያዩ ገብቶ ወደ ርዕሱ ተመለሱ አለ። መጠጡ ላይ ሦስት ምላሽ ሰርዟል መሰለኝ፤ ቁጥሮቹ ግን አልተዛቡም።

ምላሽ 15። ህንድን የሚያውቅ ሰው ነው፤ አጻጻፉም ጥሩ ነው። የታችኛው ምክር ቤት አባላት የመሥሪያ ቤቶችን ወጪ ሲያዩ ሦስት ዓይነት የቅነሳ ጥያቄ ማቅረብ ይችላሉ። አንደኛው ፖሊሲውን ለመቃወም ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ በጀት ወደ 1 ሩፒ ዝቅ ይበል ይባላል። ሁለተኛው በቁጠባ ስም የተወሰነ ገንዘብ ይቀነስ ነው። ሦስተኛው 100 ሩፒ ብቻ ይቀነስ ይላል፤ አንድ የተለየ ቅሬታ ለማሰማት ነው። መቶ ሩፒ ምንም አይደለችም። ጥያቄው ግን ሚኒስትሩን አስነሥቶ መልስ ያሰጣል።

እስከዚህ ድረስ ደንቡ ለተራው አባል ያደላ ይመስላል። ከዚያ ጊሎቲኑ ይመጣል። ለክርክር የተመደበው የመጨረሻ ቀን ሲደርስ አፈ ጉባኤው የቀሩትን መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ክርክር ሳይደረግባቸው በአንድ ላይ ለድምፅ ያቀርባሉ። በመጋቢት 2018 ስብሰባው በረብሻ ስለተስተጓጎለ የሁሉም መሥሪያ ቤቶች ወጪ ያለ ምንም ክርክር በዚህ መንገድ አለፈ።

ምላሽ 16 ላይ ክሩን የከፈተው ሰው ተመለሰ። እያልኩ ያለሁት ይሄንኑ አይደል ብሎ ደነፋ። 17 ሰውዬውን ፓርላማ አይተህ አታውቅም አለው። 18 ለሰውዬው አገዘና 17ን የካድሬ ልጅ አለው። ከበጀት እዚህ ለመድረስ ሁለት ምላሽ በቃ።

ምላሽ 19። ለእኔ ከክሩ ሁለተኛው ምርጥ ጽሑፍ ይኼ ነው። ስድቡን እንዳላየ አልፎ ስለ ስዊድን ጻፈ። እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ምክር ቤቱ ወጪውን በየመስመሩ ነበር የሚወስነው። እያንዳንዱ መስመር ደጋፊ አያጣም። ለዚህኛው እነዚህ ሁለት ፓርቲዎች፣ ለዚያኛው እነዚያ ሁለቱ። ድምሩ መጨረሻ ላይ ሲታይ ማንም ያልመረጠው ቁጥር ሆኖ ይገኛል። በኢኮኖሚው ቀውስ ጊዜ ጉድለቱ ሲያብጥ ደንቡን ቀየሩት። አሁን መጀመሪያ አጠቃላይ ጣሪያውንና በ27 የወጪ ዘርፎች መካከል ያለውን ክፍፍል በአንድ ድምፅ ይወስናሉ። ከዚያ በኋላ በአንዱ ዘርፍ ውስጥ መጨመር የፈለገ ከዚያው ዘርፍ መቀነስ አለበት።

እዚህ ላይ የመክፈቻው ጽሑፍ የዘለለው ነገር ይታያል። ሰውዬው እያንዳንዱ መስመር ላይ ነፃ ድምፅ ይሰጥ ይላል። በየመስመሩ ነፃ የሆነ ምክር ቤት ድምሩን ሊያጣው ይችላል።

ምላሽ 20። ስዊድንን እንዲህ አታሞግሱ አለ፤ መረጃ ይዞ ነው የመጣው። በጥቅሉ ድምፅ ሲሰጥ የሚያሸንፈው ጥቅል የመንግሥት ላይሆን ይችላል። በታኅሣሥ 2014 የስቴፋን ሎቨን መንግሥት በጀት ወድቆ የተቃዋሚዎቹ በጀት አለፈ፤ ሎቨንም በዚያ በጀት ማስተዳደር ጀመሩ። በኅዳር 2021 ማግዳሌና አንደርሰን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው በተመረጡበት ዕለት የተቃዋሚዎቹ በጀት አለፈባቸው። የጥምረቱ አጋር አረንጓዴው ፓርቲ በዚህ ተቀይሞ ወጣ። አንደርሰን በሰዓታት ውስጥ ሥልጣን ለቀቁ፤ ከቀናት በኋላ እንደገና ተመረጡ።

ምላሽ 21። ስለ ፈረንሳይ ነው። ሕገ መንግሥቱ ለፓርላማው 70 ቀን ይሰጠዋል። በ70 ቀን ውስጥ ካልወሰነ መንግሥት በጀቱን በአዋጅ መልክ ሥራ ላይ ማዋል ይችላል። አንቀጽ 49 ንዑስ 3 የሚሉት ደግሞ አለ። መንግሥት ክርክሩን አቁሞ፣ መንግሥቱን ካላወረዳችሁ ረቂቁ እንዳለፈ ይቆጠራል ይላል። ሚሼል ባርኒየ በታኅሣሥ 2024 በጀቱን እንዲህ ሊያሳልፉ ሲሉ በ331 ድምፅ ወረዱ።

ምላሽ 22። የ7ኛው ሰው ነው፤ አሁንም አራሚ። ባርኒየን የጣለው የመንግሥት በጀቱ ሳይሆን የማኅበራዊ ዋስትናው የፋይናንስ ረቂቅ ነው አለ። እሱም ልክ ነው። 21 አመስግኖ አስተካከለ። ይኼ ብቻውን ብርቅ ነው።

23 ላይ ሌላ ሰው ገብቶ ይኼ ሁሉ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው አለ። የፈረንጅ ደንብ መቁጠር ምን ይረባናል ብሎ አመረረ። ሁለት ሰው ደገፈው። እኔ ግን አልገባኝም፤ ሰዓት ማለቁ ለሀብታምም ለድሃም ያው ነው።

ምላሽ 24። ምርጡ ይኼኛው ነው። ሁላችሁም ክርክሩ እንዴት እንደሚካሄድ ታወራላችሁ አለ። ክርክሩ ሳያልቅ የበጀት ዓመቱ ቢጀምርስ? ዋናው ደንብ እሱ ነው ባይ ነው። ሦስት አገሮችን አነጻጸረ።

በአሜሪካ በጀት ካልጸደቀ መሥሪያ ቤቶች ይዘጋሉ። ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። እስከ 1980 ድረስ የገንዘብ ክፍተት ሲፈጠር መሥሪያ ቤቶቹ ዝም ብለው ይሠሩ ነበር። ያን ዓመት ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ሕጉን አጥብቀው ተረጎሙትና መዝጋት ግዴታ ሆነ። በ2018 መጨረሻ የጀመረው መዘጋት 35 ቀን፣ የ2025ቱ 43 ቀን ቆየ። በጀርመን ደግሞ በጀት ባይጸድቅ መንግሥት በሕግ የተገባባቸውን ክፍያዎች መክፈሉን ይቀጥላል። ጥምር መንግሥቱ በኅዳር 2024 በበጀት ጠብ ፈረሰ። የ2025ን በጀት የጀርመን ምክር ቤት ያጸደቀው በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ነው። ዓመቱ ሊያልቅ ሦስት ወር ሲቀረው ማለት ነው። መሥሪያ ቤት አልተዘጋም። በህንድ ደግሞ ክርክሩ እስኪያልቅ የአንድ ሁለት ወር ወጪ በቅድሚያ ሊፈቀድ ይችላል።

ነጥቡን ሲቋጭ እንዲህ ነው ያለው። ክርክሩ ውስጥ ማን እንደሚቸኩል የሚወስነው ሰዓቱ ሲያልቅ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ነው። የቸኮለ ደግሞ ይሸነፋል።

ምላሽ 25። አውስትራሊያን ጨመረ። በ1975 ሴኔቱ በጀቱን ይዞ አላሳልፍም አለ። ገንዘቡ ሊያልቅ ሲል ኅዳር 11 ቀን የንግሥቷ ተወካይ የሆኑት ጠቅላይ ገዢ ጠቅላይ ሚኒስትር ጎፍ ዊትላምን ከሥልጣን አነሡ። እንግሊዝ ይህን አደጋ ቀደም ብላ ዘግታዋለች። የላይኛው ምክር ቤት ሎርዶች በ1909 በጀት ስለጣሉ የ1911ዱ ሕግ ወጣባቸው፤ ከዚያ ወዲህ የገንዘብ ረቂቅን ከአንድ ወር በላይ ማቆየት አይችሉም።

26 የዊትላምን ፖለቲካ ሊያወራ ሞከረ፤ አወያዩ ገላገለን።

27ኛው የእኔ ነው። የ24ን ሐሳብ ይዤ የጀርመኑን ዓይነት ደንብ ደገፍኩ። ደመወዝተኛው፣ ጡረተኛው፣ ሐኪም ቤቱ በፖለቲከኞች ጠብ መያዣ መሆን የለባቸውም ብዬ ጻፍኩ። አሁንም የማምነው ይህንኑ ነው።

28 ላይ ግን ጠንከር ያለ ሰው መጣ፤ ትሕትናም አልነበረውም። በጀት ሳይጸድቅ ገንዘቡ መውጣቱን ከቀጠለ መንግሥት በጀት ይዞ የሚመጣበት ምክንያት ምንድን ነው አለ። ምክር ቤቱ የያዘው አንድ ቁልፍ ገንዘብ መከልከል ነው። እሱን ነጥቀህ ደመወዝተኛውን አዳንኩ ትላለህ አለኝ። 29 መልሱን ለእኔ አቀለለልኝ፤ የጀርመን ጊዜያዊ አሠራር አዲስ ፕሮጀክት መጀመር ስለማይፈቅድ መንግሥትንም ይቆነጥጠዋል። ቆንጠጥ ያድርግ እንጂ አይግደል ነው የእሱ ሐሳብ። 28 አልተዋጠለትም። ሦስት ጊዜ ተመላለሱ፤ 32 ድረስ የነሱ ነው። በመሃል አንዱ የጀርመኑን የበጀት ኮሚቴ በልማድ የሚመራው የተቃዋሚው ወገን መሆኑን ጠቀሰ። የሰማውም የለ፤ እኔ ግን በሌላ ቀን ራሱን የቻለ ክር ይገባዋል እላለሁ።

ምላሽ 33። አንድ ደንብ ብቻ መቀየር ብትችሉ የትኛውን ትቀይራላችሁ ብላ ጠይቃ ራሷ መለሰች። የክርክሩን ሰዓት አትነካም። የምትቀይረው ሰነዱ ለአባላቱ የሚደርስበትን ቀን ነው። የበለጸጉት አገሮች ድርጅት ኦኢሲዲ ረቂቁ ቢያንስ የበጀት ዓመቱ ከመጀመሩ ከሦስት ወር በፊት ለምክር ቤት ይቅረብ ይላል። ህንድም በ2017 የበጀት ማቅረቢያዋን ከየካቲት መጨረሻ ወደ የካቲት 1 አምጥታለች፤ ዓመቱ ሚያዝያ 1 ከመግባቱ በፊት ክርክሩ እንዲያልቅ። ሰነዱን ማታ ተቀብሎ ጠዋት ለሚከራከር እንደራሴ ሦስት ደቂቃም ይበዛበታል አለች።

ምላሽ 34። ሦስት ወሩን አልጠላውም። ግን የአምናው ወጪ ምን ላይ እንደዋለ ካልታየ የዘንድሮውን ዕቅድ በምን ይመዝኑታል? ስለዚህ ደንቡ ላይ አንድ መስመር ይግባ አለ፦ ያለፈው ዓመት የኦዲት ሪፖርት ካልቀረበ የአዲሱ በጀት ክርክር አይከፈት።

ምላሽ 35። የ24ቱ ጸሐፊ ነው። ኦዲቱ ቢዘገይስ፣ ሰዓቱ የሚቆጥረው በማን ላይ ነው ብሎ ጠየቀው። 34 እስካሁን አልመለሰም። እኔ ግን በመንግሥት ላይ ይቁጠር ባይ ነኝ። ሒሳቡን ዘግቶ ለኦዲተር ማስረከብ የእሱ ሥራ ነው።